ሶፋው የማን ነው

ሶፋው በደጊቱ በር አልገባ አለ። በጎኑ ብንለው እግሩ ከመቃኑ ጋር ተያዘ፤ በቁሙ ብንለው አናቱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ነካ። እኔ ከውስጥ እጎትታለሁ፣ ደጊቱ ከውጭ ትገፋለች፣ ልጇ ጂጂ ደግሞ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከጎን ቆማ "ወደ ግራ አዳዳ፣ ወደ ግራ!" ትለኛለች። አዳዳ ማለት በኦሮምኛ የአባት እህት ነው። አባቷ ሚልኬሳ የእናቴ ልጅ ነበር፤ ከሞተ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ደጊቱ ሚስቱ ናት።

"እትዬ፣ አልገባም ካለ እኮ እግዜር አልፈቀደም ማለት ነው። እንመልሰው" አለች ደጊቱ፣ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

"እግዜር በሶፋ ምን አገባው? ግፊ!"

ገፋች። የመቃኑ ቀለም ተላጠና ገባ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ቡራዩ ውስጥ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው መንገድ፣ ከባህር ዛፉ በታች ካሉት የጭቃ ቤቶች አንዱ። ግድግዳው በጋዜጣ ተለብጧል፤ ወለሉ አፈር ነው፤ ሁለት ጀሪካን፣ መሬት ላይ የተዘረጋ ፍራሽ፣ አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር። ለዚህች ክፍል አከራይዋ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ትቀበላለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ፍራሹን የሚያነሱት እናትና ልጅ ናቸው። ደጊቱ የሰው ልብስ ታጥባለች። የምታጥብላቸው ሰዎች ማሽን ሲገዙ አንድ ባንድ ቀሩባት። ከዚያ ሱሉልታ ያለች አንዲት ሴትዮ ጂጂን ለልጆቿ ሞግዚት እንድትሆን ጠየቀች፤ ምግብና ልብስ ከነሱ፣ ደሞዙ ለእናት። ልጅቷ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ደጊቱ "ሴፍቲኔት ከገባሁ አትሄድም፣ ካልገባሁ ትሄዳለች" ብላ ቁርጡን ተናግራለች። በዚያ ጠዋት የሚመጡት ሰዎች ይሄን ሊወስኑ ነበር የሚመጡት። ለድሃ ሥራና ድጎማ በሚሰጠው በሴፍቲኔቱ አዲስ ዙር ማን ይግባ ማን ይቅር፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አይተው፣ ከሰዓት ቀበሌው ግቢ በህዝብ ፊት ሊያነቡ።

ታዲያ ድሃ ነሽ ወይ ብለው ሊያዩ ለሚመጡ ሰዎች ሶፋ ለምን አስገባሽ የሚለኝ ይኖራል። እኛ ቤት እንግዳ ይመጣል ከተባለ ከአንዱ ጎረቤት ብርጭቆ፣ ከሌላው ምንጣፍ፣ ከሦስተኛው ወንበር ይመጣል። ሽማግሌ ሲላክ፣ ክርስትና ሲሆን፣ ቤት በውሰት ይሞላል፤ ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ ሽማግሌን ባፈር ላይ ማስቀመጥ ነው። ሊያዩ ከሚመጡት አንዱ ሽማግሌው ኦቦ ዲሪባ የሚልኬሳ ቤት ገብተው የሚቀመጡበት አጥተው ቢወጡ፣ እኔ በምን ፊቴ በዚያ መንደር እሄዳለሁ? እንዲህ ነበር ያልኩት። ለደጊቱም ያልኳት፣ ለራሴም ያልኩት።

ለባሌ ለኢቲቻም እንዲሁ ነበር ያልኩት። ኢቲቻ ስኳሩ እግሩን ከያዘው ወዲህ አልጋ ላይ ነው የሚውለው። ሶፋውን ሰዎች ሲያነሱ ዝም ብሎ አየ፤ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳ ስነቅል ግን ቀና አለ።

"እሱንም?"

"ዛሬ ሬዲዮ ስማ።"

"ለሚልኬሳ ቤት ነው ወይስ ለኛ ቤት?"

"ዝም በልና ተኛ" አልኩት።

እንዲህ ያለኝ ለምን እንደሆነ ልናገር። የኔም ቤት በዚያው ቀን ይታይ ነበር። እኔ ሴፍቲኔት ከገባሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ጎዳና ጠርጌያለሁ፣ ቦይ ጠርጌያለሁ፣ የዛፍ ችግኝ ተክያለሁ፤ ከምትሰጠን ብር ላይ እየተቆረጠ ተቆጠበልኝ፤ ሥልጠና ሰጡኝ፤ በሱ ታክሲ ተራው አጠገብ ሻይና ዳቦ ጀመርኩ። ከሁሉ በላይ ግን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ ማርቲ ቤቴ ድረስ እየመጣች ኢቲቻን የጤና መድን ውስጥ አስገባችልኝ፤ መርፌውን በሱ ነው የሚያገኘው። ያን ጊዜ ባትመጣልኝ ዛሬ ባል አይኖረኝም ነበር፤ ይሄን ምዬ እናገራለሁ። ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን የገዛሁት አምና ከሰበታ፣ ቤት ከምትቀይር ሴትዮ ላይ ነው፤ ማርቲ ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣችም። ተሻሽሏል የተባለ ግን ይመረቃል። ሌላው ሰው ሲመረቅ አበባ ይሰጡታል፤ እኛ ስንመረቅ ደሞዛችን ይቆማል። የጤና መድኑም አብሮ ይቆማል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እውነት ይሁን ውሸት ማንንም አልጠየቅሁም። መጠየቅ ፈራሁ።

ጂጂ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ሶፋው ላይ የራሴን ዳንቴል አለበስኩት፤ ቴሌቪዥኑን ጀሪካኖቹ ላይ ሳንቃ አጋድሜ አስቀመጥኩና ሶኬት ላይ ሰካሁት። ዳቦ ቆረስን፤ ለስላሳ አስመጣሁ። ደጊቱ ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም። ፍራሹን ጠቅልላ እሱ ላይ ተቀመጠችና ቤቷን የሰው ቤት እንደሚያይ ሰው ዞር ዞር ብላ አየችው። "ያምራል" አለች።

ሦስት ሆነው መጡ። ማርቲ ታብሌቷን ይዛ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ዲሪባ ከዘራቸውን ይዘው፣ ባለሱቋ ራቢአ ደግሞ ከኋላ። ራቢአም ኮሚቴ ናት፤ መንደሩ መርጧታል፣ ማን ምን ያህል እንደሚገዛ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለምና።

"አካም ጅርቱ?" አሉ ኦቦ ዲሪባ፣ ከበሩ ዝቅ ብለው እየገቡ።

"ፈያ፣ ገለተ ዋቃ! ይግቡ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ፣ እዚህ ይሻልዎታል።" ጎተት አድርጌ ሶፋው ላይ አስቀመጥኳቸው። ወደ ውስጥ ሰመጡና ሳቁ። "ኧረ ይሄ ያስተኛል!"

እኔም ሳቅሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ወንድሜ ቤት ሽማግሌ ሰምጦ ሲቀመጥ አየሁ። ለስላሳውን ከፈትኩ፤ ማርቲ አልጠጣም አለች፣ ሥራ ላይ አይፈቀድልንም ብላ። ስንት ቤተሰብ ናችሁ፣ ማን ይሠራል፣ በቀን ስንት ጊዜ ትበላላችሁ ብላ ጠየቀች። ደጊቱ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በቀስታ መለሰች፤ በቀን ስንት ጊዜ ሲባል "እንደ ቀኑ" አለች። ከዚያ ማርቲ ታብሌቷን ዝቅ አደረገችና ዙሪያውን አየች።

"ሶፋው የማን ነው? ቴሌቪዥኑስ?"

የጠየቀችው ደጊቱን ነው። የመለስኩት እኔ ነኝ።

"የቤቱ ነዋ! የማን ሊሆን ነው?"

ይሄን ለምን እንዳልኩ ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ። እንግዳ ፊት "ውሰት ነው" ይባላል እንዴ? ሽማግሌው የተቀመጡበትን ከሥራቸው እንደመሳብ ነው። ግን አፌ ቶሎ ያለው ስለ ሽማግሌው ብቻ ብሎ አይደለም። "የኔ ነው" ብል ማርቲ ቀጥላ የምትሄደው እኔ ቤት ነው። ደጊቱ ቀና ብላ አየችኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ቁጣ አልነበረም፤ ገባት፤ ነገሩ ገብቷት ነው ያየችኝ። ከዚያ ብርጭቆዎቹን ማንሳት ጀመረች። ማርቲ ጣቷን ታብሌቱ ላይ ሁለት ጊዜ ነካ አደረገችና ተነሳች።

ልሸኛቸው ወጥቼ የአጥሩ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ዞር ሲሉ ቆርቆሮው ከለለኝ። ድምፃቸው ግን ይሰማል።

"ይቺ ከኔ ትሻላለች" አሉ ኦቦ ዲሪባ። "እኔ እንኳ እንደዚያ ያለ መቀመጫ የለኝም።"

"ኦቦ ዲሪባ፣ ሴትዮዋ እኮ ዘይት በቡና ስኒ ነው ከኔ የምትገዛው" አለች ራቢአ።

"ታዲያ ሶፋውንም በስኒ ነው የገዛችው?"

ማርቲ እንኳ ሳቀች። ራቢአ ግን አልሳቀችም።

ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር። አሥር እርምጃ አይሆንም። እኔ የሮጥኩት በሌላኛው በኩል ነው፤ በቦዩ ዳር በአቋራጩ፣ እነሱ ሳይደርሱ ቤቴ ለመድረስ።

ቤቴ ውስጥ ሶፋው የነበረበት ቦታ ከሌላው ወለል ነጣ ብሎ ይታያል። ቴሌቪዥኑ የነበረበት ግድግዳ ላይ ሚስማሩ ቀርቷል፤ ነቅዬ በኪሴ ከተትኩት። ኢቲቻ አልጋው ላይ ሬዲዮ አልከፈተም። ሲገቡ ለኦቦ ዲሪባ የሰጠሁት ለሻይ ቤት የማወጣውን ዱካ ነው፤ ማርቲ ቆማ ቀረች። ያቺ ልጅ ለኔ ያላደረገችው ነገር የለም፤ ቤቱን ስታይ ፊቷ ላይ የመጣውን ሐዘን አሁንም አልረሳውም።

"እትዬ ተረፈች፣ ሁለት ዓመት ሠርተው አንድ ወንበር እንኳን?"

"የሱ ሕመም በላው" አልኳት፣ ኢቲቻን በእጄ እያሳየሁ።

ኢቲቻ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። ኦቦ ዲሪባ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው "ዋቅ ይማርልሽ" አሉ። ማርቲ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። "ለምረቃ አልደረሱም። አንድ ዓመት እንዲጨመርልዎት ነው የማቀርበው፤ ጋሼ ኢቲቻም መድኑ ውስጥ ይቆያሉ።" እግዜር ይስጥሽ አልኳት። ሲወጡ ኢቲቻ ከግድግዳው ሳይዞር "ለሚልኬሳ ቤት ነው ብለሽኝ ነበር" አለኝ። ውሃ ጣድኩ። የሚፈላ ነገር አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ጣድኩ።

ከሰዓት ቀበሌው ግቢ ሞላ። ሰው በባህር ዛፉ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ፣ ሳር ላይ ተቀመጠ፤ የሚያወራው ስለ ጤፍ ዋጋና ከገላን ስለሚመጡት መኪናዎች አቧራ ነው፣ ጆሮው ግን ኦቦ ዲሪባ ጋ ነው። እኔና ደጊቱ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጂጂ የምትመጣበት ሰዓት ገና ነበር። ደጊቱ የታጠበ ነጠላ ለብሳለች። ድንች ኪሎው ስንት ገባ ብዬ ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ሽንኩርትስ አልኳት። እሱንም ነገረችኝ።

ኦቦ ዲሪባ በመጀመሪያ ነባሮቹን አነበቡ። የሚመረቁት ተነበቡ፤ አንዳንዱ ፈገግ አለ፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፋ። "ተረፈች፤ ባል ታማሚ፤ አንድ ዓመት ይጨመርላታል።" አጠገቤ ያሉ ሴቶች ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ አዲሶቹ ተነበቡ። ደጊቱ ስሟ እንዲመጣ ስትጠብቅ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሌሎቹን ስም ሁሉ አብራ አለች። የሷ አልመጣም።

"የሚቃወም፣ የሚጨምር ካለ አሁን ይናገር" አሉ ኦቦ ዲሪባ። "በኋላ በየሱቁ ሐሜት አልፈልግም።"

ራቢአ ተነሳች። "እኔ ኮሚቴ ብሆንም እናገራለሁ። የደጊቱ ነገር አልዋጥልኝ ብሏል። የዚያችን ሴት ድህነት እኔ አውቃለሁ።"

"እኛም በዓይናችን አየን፤ ሶፋዋን ተቀምጠንበት" አሉ ኦቦ ዲሪባ፤ ሰው ሳቀ።

ያኔ ተነሳሁ። እግሬ ነው የተነሳው። "ድሃ ናት!" አልኩ። "ማንም ያውቃል ድሃ እንደሆነች። ሶፋው ውሰት ነው።"

ማርቲ ከወንበሯ ቀና አለች።

"ውሰት?" አሉ ኦቦ ዲሪባ። "ጠዋት የቤቱ ነው ያልሽን አንቺ አይደለሽም እንዴ? ውሰት ከሆነ ከማን ነው የተዋሰችው?"

አፌን ከፈትኩ። ስሙ የራሴ ስም ነው፤ ምን ይከብዳል? "ከኔ ነው" ማለት ሁለት ቃል ነው። ኢቲቻ ታየኝ፤ መርፌው የሚቀመጥባት የራቢአ ፍሪጅ ታየችኝ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብኝ ታየኝ። የቱ እንደቀደመ አላውቅም። የቀደመው ሳቁ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ደጊቱ ቀሚሴን ያዘችና ከተቀመጠችበት ሆና ተናገረች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር ያን ቀን ነው የሰማኋት።

"የማንም አይደለም። ሶፋው የኔ ነው። ባሌ በሕይወት እያለ ነው የገዛው። እትዬ ስላዘነችልኝ ነው ውሰት የምትለው።" ከዚያ ቀሚሴን ወደ ታች ሳበችው። "ተቀመጪ እትዬ።"

ተቀመጥኩ።

ኦቦ ዲሪባ "ዱጋ ዳ፣ እውነት የሚናገር ሰው ይባረክ" ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ዳር የሚሸጠውን ጎመን አይታ ዋጋ ጠየቀችና ሳትገዛ አለፈች። አንድ ነገር ልላት ፈልጌ "ለምን እንደዚያ አልሽ?" አልኳት። "ጋሽ ኢቲቻ መርፌ ላይ ናቸው" አለችኝ፣ የአየሩን ሁኔታ እንደምትነግረኝ ሁሉ። "ደግሞም ሰው ፊት ተጣልተን ምን እንጠቀማለን?" ከዚያ ትንሽ ሄዳ "ሱሉልታ ብርድ ነው ይላሉ፤ ሹራብሽ ትልቅ ነው፣ ለጂጂ ይሆናል?" አለችኝ። እሺ አልኳት። ሹራብ እንኳን ስትለምነኝ ዓይኔን አላየችም፤ እንዳላፍር ብላ።

ጂጂ ደርሳ አጥሩ በር ላይ ጠበቀችን። ቦርሳዋን አላወረደችም።

"ተጠራን?"

"ለሌላ ዙር ነው አሉ" አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ወደኔ ዞረች። "አዳዳስ?"

"አዳዳሽ ተጠርታለች። አንድ ዓመት ተጨመረላት።"

ጂጂ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ። "እንኳን ደስ አለሽ አዳዳ! ጋሼ መርፌው አልቀረበትም ማለት ነው!" ከልቧ ነው። ከልቧ ባይሆን ኖሮ እኔም ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። ትንሽ ቀንታ፣ ትንሽ አኩርፋ፣ እናቷን ገላምጣ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር። ጉንጯ ጉንጬ ላይ ነበር፤ የኖራ ጠመኔ ሽታ አለው። ከእቅፏ ወጣሁና መጣሁ ብያት ወደ መጣሁበት ተመለስኩ። ደጊቱ "እትዬ፣ ወዴት?" አለች። እርምጃዬን አፈጠንኩ።

ማርቲ የቢሮዋን በር ስትቆልፍ ደረስኩ። ሰላምታም አልሰጠኋት።

"ሶፋው የኔ ነው። ቴሌቪዥኑም። ቤቴን ባዶ ያየሽው ለዚያ ነው።"

ቁልፉ በእጇ እንዳለ ቆመች። ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የደከማት መሰለኝ። "እዚያ ለምን አልተናገሩም?"

"መድኑ እንዳይቀርበት።"

"ይቀራል ያለዎት ማን ነው?"

"ሰው ነው። አይቀርም እንዴ?"

"አላውቅም፣ እጠይቃለሁ። አይቀርም ብዬ ግን አልዋሽዎትም።" ግድግዳውን ተደገፈች። "እሷስ ለምን የኔ ነው አለች?"

"እኔን ስትሸፍን ነው።"

የታክሲ ረዳት ከመንገዱ ማዶ "ከታ፣ ከታ፣ አንድ ሰው!" ይላል። ከዚያ ማርቲ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። "እትዬ ተረፈች፣ እዚህ በር ላይ ለኔ የነገሩኝ አይሠራም። ስሙ የተነበበው በህዝብ ፊት ነው፤ የሚቃናውም በህዝብ ፊት ነው። ነገ ጠዋት እዚያው ግቢ ቅሬታ ይሰማል። ይመጣሉ?"

"ደጊቱ ውሸታም ትባላለች።"

"ለምን እንደዋሸች የሚያስረዱት እርስዎ ነዎት።"

ኦቦ ዲሪባ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ታየኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ ያደረጉኝ ሴቶች እጃቸውን ሲሰበስቡ ታየኝ።

"በማይክ ነው?" አልኳት።

"ማይክ የለንም። ኋላ ያለው ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለው ነው የሚናገሩት።"

እሺ አልኳት። ዕድሜዬን ሙሉ "ተረፈች፣ ድምፅሽን ቀንሺ" ስባል የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ማታ ግን ቤቴ እስክደርስ፣ ነገ በሰው ፊት የምለውን "ሶፋው የኔ ነው" የሚለውን ቃል ለራሴ እንኳ በሹክሹክታ ልለው ሞክሬ አልወጣልኝ አለ።